ሙኑኪ ውስጥ የተጻፈ የሕይወት ታሪክ

ብርሃነመስቀል ሚኒባሱን መሀል መንገድ ላይ አቁሞ ለመዞር ሲሞክር፣ ፀዳለ ከኋላ ወንበር ላይ የአያቷን ራስ ጭኗ ላይ አስደግፋ ነበር። በግራ እጇ ደረታቸውን ይዛለች፤ በቀኟ የመስኮቱን ብረት ጨብጣለች። ከጉዴሌ ሠፈር በኩል የሚመጣው ተኩስ እንደ ዓርብ ምሽቱ የጠመንጃ ብቻ አልነበረም። የመኪናውን ወለል ከሥር የሚያንቀጠቅጥ ከባድ መሣሪያ ገብቶበታል።

«ሆስፒታሉ ጋ ልንደርስ እኮ ነው ብሬ» አለች።

«ፊት ለፊት እይ።»

አየች። ቦዳቦዳ የሚሉት አንድ የኪራይ ሞተር መንገዱ ላይ በጎኑ ወድቆ ጎማው ገና ይሽከረከራል። ባለቤቱ ከሞተሩ ራቅ ብሎ በደረቱ ተደፍቷል። ሊያነሳው የሚመጣ ሰው አልነበረም።

ቀኑ እሑድ፣ ሐምሌ ሦስት 2008 ዓ.ም. ነበር። ትናንት አገሩ ነጻ የወጣበት አምስተኛ ዓመት ነበር፤ ወጥቶ ያከበረው ግን የለም። ከዓርብ ምሽት ጀምሮ የፕሬዚዳንቱና የምክትላቸው ወታደሮች ጁባ ውስጥ ይዋጋሉ። የአባባ አለባቸው ትንፋሽ ማጠር የጀመረው ደግሞ ከዚያ በፊት፣ ሐሙስ ነው። «ብርድ ነው፣ ይለቀኛል» ብለው ዓርብን አሳለፉ። ቅዳሜ ከንፈራቸው ጠቆረ። እሑድ ማለዳ ፀዳለ የጎረቤቷን የብርሃነመስቀልን በር አንኳኳች፤ እሱም እንዴት ይሆናል ሳይል የሚኒባሱን ቁልፍ ይዞ ወጣ።

አሁን ማርሹን ወደ ኋላ ለማስገባት ሲታገል ብረቱ ተንገጫገጨ።

«ይሄ ልጅ ፍሪሲዮን አይረግጥም እንዴ?» አሉ አባባ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «እየፈጨው ነው።»

«ረግጫለሁ አባባ» አለ ብርሃነመስቀል።

«እስከ ታች።»

እስከ ታች ረገጠው፤ ማርሹ ገባ። መኪናው ዞሮ በመጣበት የጭቃ መንገድ ወደ ሠፈራቸው ወደ ሙኑኪ ሲመለስ ፀዳለ ለአያቷ መናገሯን አላቆመችም። ተኩሱ ሲበርድ እንመለሳለን አለቻቸው፤ ካልሆነም ነርስ ከሠፈር እናስጠራለን አለቻቸው። ግቢው በር ላይ ሲደርሱ ብርሃነመስቀል ሞተሩን አጥፍቶ ዞረና ሽማግሌውን አያቸው። ከዚያ ቀስ ብሎ የእሷን እጅ ከደረታቸው ላይ አነሳው።

«ፀዳለ» አለ፤ «ተዪ በቃ።»

ሞተሩ ከመጥፋቱ በፊት አርፈው ይሆን ከዚያ በኋላ፣ እሷ እስከ ዛሬ አታውቅም።

ግቢው ውስጥ አምስት ክፍሎች በአንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተደርድረዋል። ከፊት፣ በመንገዱ በኩል ያለው የፀዳለ ምግብ ቤት ነው። ከጀርባው እሷና አያቷ የሚኖሩበት ክፍል አለ። በግድግዳ የሚዋሰናቸው ክፍል ደግሞ የኮንግ ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ተከራዮቻቸው ዓርብ ሌሊት ስለሸሹ ተዘግተዋል። ኮንግ ኑዌር ነው። በሕፃንነቱ ከጦርነት ሸሽቶ ኢታንግ የስደተኞች ሠፈር ያደገ፣ ጋምቤላ የተማረ፣ አማርኛውን ከነቀልዱ የሚናገር የአርባ ዓመት ሰው። ግንባሩ ላይ በልጅነቱ እንደ ኑዌር ወግ የተቀደዱት መስመሮች ከጆሮ እስከ ጆሮ ይሄዳሉ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ኑዌር ናቸውና፣ የፕሬዚዳንቱ ወታደሮች በነዚያ መስመሮች እንዳይለዩት ከዓርብ ጀምሮ በፀዳለ ምግብ ቤት መጋዘን ውስጥ፣ ከዱቄት ጆንያዎቹ ኋላ ተደብቆ ነበር።

አስከሬኑን ተሸክመው ሲገቡ ከመጋዘኑ ወጣ። የሽማግሌውን እግር ከብርሃነመስቀል ተቀበለና አልጋው ድረስ ወሰደ። ጫማቸውን እሱ ፈታ። ከዚያ ጥግ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ኮንግና አባባ አለባቸው አብረው ጀነሬተር ይጠግኑ ነበር። አባባ ሠላሳ ምናምን ዓመት መንገድ ሥራ ላይ የግሬደር ኦፕሬተር ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ፀዳለ ጁባ ገብታ ምግብ ቤቱን ከከፈተች በኋላ፣ «ጅማ ቁጭ ብዬ ግድግዳ ከምቆጥር እዚያ መጥቼ ድስትም ቢሆን ልጠብ» ብለው ተከተሏት። ድስት ግን አላጠቡም። በመጡ በሳምንቱ የጎረቤቱን የቆመ ጀነሬተር ፈተው፣ አጽድተው አስነሱት። ከዚያ ወዲያ የሙኑኪ ሰው መብራት ሲጠፋበት የሚያንኳኳው የእሳቸውን በር ሆነ። ዓይናቸው ሲደክም ኮንግ ዓይናቸው ሆነ። ብሎኑን እሱ ይፈታል፣ እሳቸው ጆሯቸውን ሞተሩ ላይ ደቅነው «ሦስተኛው ነው፣ እሱን ንካው» ይላሉ።

ኮንግ የሚያወራው አንድ ነገር ነበረው። ኢታንግ ልጅ ሳለ አንድ ቢጫ ግሬደር መንገድ ሊጠርግ መጥቶ እንደነበርና የሠፈሩ ሕፃናት ሁሉ ከኋላው ይሮጡ እንደነበር ይናገራል። ኦፕሬተሩ ማሽኑን አቁሞ፣ ከወንበሩ ወርዶ፣ «ከምላጩ ራቁ» ብሎ በዱላ አባሯቸዋል። «እርስዎ ነበሩ?» ብሎ ጠየቃቸው አንድ ጊዜ። አባባ ብዙ አስበው፣ «ኢታንግ ሠርቻለሁ። ልጅም አባርሬያለሁ። የትኛው ልጅ አንተ እንደሆንክ ግን አላውቅም» አሉት። ኮንግ በዚህ መልስ በጣም ስቆ ነበር።

የጅማዋ አክስቷ ተሻለች በስልክ የተገኘችው ኔትወርኩ ለአፍታ በመጣበት ሰዓት ነው። ፀዳለ እንዴት እንደምትነግራት ሳታውቅ ዝም ስትል አክስቷ ራሷ አወቀች። የአክስቷ ለቅሶ ከስልኩ ወጥቶ ክፍሉን ሞላው። ሲበርድላት፣

«በሳጥን አድርገሽ አምጪልኝ» አለች። «እናቴ አጠገብ ነው የሚቀበረው።»

«እትዬ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ተዘግቷል።»

«ነገ ይከፈታላ።»

«እሱን የሚያውቅ የለም።»

«እዚያ አገር በረዶ ቤት የለም? አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን የሚያቆይ?»

ፀዳለ ወደ ቆርቆሮው ጣሪያ ቀና አለች። ሙቀቱ እንደ እጅ ከላይ ይጫናል። መንገድ ላይ የወደቀውን ሰው ለአክስቷ ልትነግራት አልፈለገችም። «የለም እትዬ» አለች ብቻ።

ብርሃነመስቀል ጁባ ያለው የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን ቄስ ዘንድ ደወለ። እሱ አዲስ አበባ ሳለ ዲያቆን ነበር፤ ኋላ ኑሮ ወደ ሹፌርነት ወሰደው። ቄሱም ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ከብዙ ሰዎች ጋር ተከበዋል። «ከዳዊቱ ድገምላቸው፤ ቅበሯቸው። መንገድ ሲከፈት መጥቼ መቃብራቸው ላይ እፈታቸዋለሁ» አሉት። የግቢው ባለቤት ካምፓላ ነበር፤ በመልእክት ሲጠየቅ «ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ይሁን» ብሎ መለሰ።

ተሻለች እንደገና ስትደውል ድምጿ ተለውጧል፤ አንድ ነገር የቆረጠ ሰው ድምፅ ነበር።

«እሺ፣ እዚያው ይሁን። ግን አባቴ የሕይወት ታሪኩ ሳይነበብ አፈር አይገባም። ወረቀቶቹ አንቺ ጋ ናቸው። ጻፊው። ስትቀብሩት ስልኩን ክፈቺና እኛም እዚህ ድንኳን ውስጥ እንሰማለን።»

ስለዚህ ፀዳለ በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጥይት የጎረቤቱን ቆርቆሮ እየበሳ ሲያልፍ፣ ከአያቷ አልጋ ሥር መሬት ላይ ተኝታ ስለ እሳቸው ጻፈች። ብርሃነመስቀል በሌላው ጎን በደረቱ ተኝቶ ዳዊት ይደግማል። ኮንግ በሩ ሥር ሆኖ ወደ ውጪ ያዳምጣል።

ወረቀቶቹ በአንድ የላስቲክ ከረጢት ነበሩ። የሥራ መታወቂያ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የጡረታ ደብተር፣ ሁለት የምስጋና ወረቀቶች፣ ጥቂት ፎቶዎች። ከሁሉ የቆየው ግን ብርሃነመስቀል እጅ ላይ ያለው ዳዊት ነው። የአባባ አባት መሪጌታ መልከጼዴቅ የልጆቻቸውን ልደት የጻፉት እዚያ መጨረሻ ገጽ ላይ ነበር። ብርሃነመስቀል መዝሙሩን ሲጨርስ ገልጦ አነበበላት። «በዘመነ ሉቃስ፣ በወርኃ ኅዳር፣ በሚካኤል ዕለት ተወለደ ወልድየ አለባቸው።»

«ዓመተ ምሕረቱስ?»

«የለም። ዘመነ ሉቃስ ብቻ።»

ዘመነ ሉቃስ በየአራት ዓመቱ ይመጣል። የጡረታ ደብተሩ 1932 ይላል፤ የቀበሌው መታወቂያ 1930። ሁለቱም ዓመቶች የሉቃስ አይደሉም። መሪጌታው ለልጃቸው የጻፉት እንዲሳሳት ፀዳለ አልፈለገችም። የአያቷ እናት በጣልያን ጊዜ አራስ ሆነው ዋሻ ውስጥ ከርመዋል ሲባል ሰምታለች። ብርሃነመስቀል በጣቱ እየቆጠረ፣ «ስለዚህ ሃያ ሰባት አይሆንም፤ ጣልያን ገና አልገባም። ሠላሳ አንድ ነው» አላት። 1931 ብላ ጻፈች። ስትጽፈው ለራሷ እንኳ ሊገባት ያልቻለ ደስታ ተሰማት፤ ወዲያው ደግሞ ቀና ብላ አልጋው ላይ ያሉትን ስታይ አፈረች።

ከዚያ በኋላ ያለው ከበዳት። መታወቂያው «ኦፕሬተር» ይላል። ኦፕሬተር ከመሆናቸው በፊት ድንጋይ ተሸካሚ እንደነበሩ፣ ከድንጋይ ተሸካሚነት ወደ ማሽን ቅባት ቀቢነት፣ ከቅባት ቀቢነት ወደ መሪው የደረሱት ማንም ሳያስተምራቸው ቆመው በማየት እንደሆነ ወረቀቱ አይልም። ከመንገድ ሠራተኞቹ ጋር የተነሡት ፎቶ ነበር። ሁሉም ደረታቸውን ነፍተው ካሜራውን ያያሉ። አባባ ብቻ ዞረው የግሬደሩን ምላጭ ያያሉ፤ የሆነ ብሎን ሳይጠብቅ ቀርቶ እንደነበር ከፎቶው እንኳ ያስታውቃል።

እሷን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እናቷ ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። አባባ ከመንገድ ሥራ ካምፕ በወር አንድ ጊዜ ሲመጡ ሽፋሽፍታቸው ላይ ነጭ አቧራ ተቀምጦ ነበር የምታያቸው። ትላልቅ ሰዎች ሁሉ እንደዚያ ነጭ ሽፋሽፍት ያላቸው ይመስላት ነበር። እራት ሳይቀርብ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይተኛሉ። ማለዳ ስትነሳ ግን የተሰበረው በር ተሠርቶ፣ የሚያፈሰው ጣሪያ ተደፍኖ፣ የእሷ የትምህርት ቤት ጫማ ተሰፍቶ ታገኘዋለች።

ከጅማ ወደ በደሌ በአውቶብስ ይዘዋት የሄዱበትን ቀን አስታወሰች። አባባ በሰው መንገድ የሚሄዱ አይመስሉም ነበር። አንድ ቁልቁለት ላይ ሲደርሱ መስኮቱን በጣታቸው መታ መታ አድርገው፣ «ይቺን ኩርባ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አሏት። ጥቂት እንደሄዱ ደግሞ፣ «ይሄኛውም የኔ ነው። ዝናቡ ሁለት ጊዜ ወስዶት ሁለት ጊዜ መለስኩት።» ከኋላ የተኛ ሰው ነቅቶ፣ «አባት፣ መንገዱን ጠቅልለው ይውሰዱትና እኛ እንተኛ» አላቸው። አውቶብሱ ሳቀ፤ እሷ በሀፍረት ፊቷን ሸፈነች። አባባ አልተቆጡም። በሚቀጥለው ኩርባ ላይ ግን ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ «ይቺም» አሏት በጆሮዋ።

ይህን እንዴት እንደምትጽፈው አላወቀችም። «በሥራቸው ታታሪ ነበሩ» ብላ ጻፈች። አነበበችው። የማንም ሽማግሌ ቀብር ላይ የሚባል ነገር ነው። ሰርዛ ደግማ ልትጽፍ ስትል ቅርብ የሆነ ነገር ፈነዳና የአምፖሉ ሽቦ ተወዛወዘ። ሦስቱም ፊታቸውን መሬት ላይ ደፉ። ቀና ሲሉ አስከሬኑ ላይ ከጣሪያው አቧራ ረግፏል። ፀዳለ በነጠላዋ ጠረገችላቸው። አቧራው በጣም የነጣው ሽፋሽፍታቸው ላይ ነበር።

ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰችው።

ሰኞ ማለዳ ሽታው መጣ። ኮንግ አካፋውንና ዶማውን ከመጋዘኑ ይዞ ወጣ፤ የአባባን የሥራ ቆብ ግንባሩን እስኪሸፍን ወደ ታች ስቦ አድርጓል።

«አንተ አትወጣም» አለችው ፀዳለ። «ብሬና እኔ እንቆፍራለን።»

«ይሄ መሬት ድንጋይ ነው እህቴ። ሁለታችሁ እስከ ማታ ከጉልበት አታልፉም።»

«ከአጥሩ ላይ ቢያዩህስ?»

«ያዩኛል» አለ ኮንግ። ወደ ውሃ ታንከሩ ጀርባ ሄደ።

ልትከለክለው ይገባት ነበር። እጁን ይዛ ወደ መጋዘኑ ልትመልሰው ትችል ነበር። ነገር ግን አያቷ ክፍሉ ውስጥ ናቸው፤ ቀኑም እየሞቀ ነው። ስለዚህ ለኮንግ ውሃ ቀድታ አመጣችለት።

ሄሊኮፕተር በላያቸው እየተመላለሰ ሁለቱ ወንዶች ተፈራርቀው ቆፈሩ። ብርሃነመስቀል እጁ ውሃ ቋጠረና ዕቃውን አስቀመጠ። ኮንግ ቀጠለ። ቀይ አፈሩን አልፎ ድንጋዩ ላይ ሲደርስ ዶማው ይንጣጣል፤ እሱ ግን እንደ አባባ ጥግ ጥጉን እየለካ፣ ግድግዳውን ቀጥ እያደረገ ነበር የሚወርደው። ደረቱ ድረስ ሲገባ ፀዳለና ብርሃነመስቀል አስከሬኑን በሰሌን ጠቅልለው አውጥተው ጉድጓዱ አጠገብ አሳረፉት። ፀዳለ ከረጢቱንና የጻፈችውን ወረቀት ይዛለች። ስልኩን ከፈተች። ኔትወርክ አለ።

የግቢው በር የተሰበረው አክስቷ «ሃሎ» ባለች ጊዜ ነው።

አራት ሰዎች ገቡ። የደንብ ልብስ ለብሰዋል፤ የየትኛው ወገን እንደሆኑ ግን ልብሱ አይናገርም፣ የሚጠይቅም የለም። ሁለቱ በቀጥታ ወደ ምግብ ቤቱ ገቡና ዕቃ ሲገለባበጥ ተሰማ። አንዱ የፀዳለን ስልክ ከእጇ ወስዶ አየውና ጥራቱ ስላልማረከው መልሶ ጣለላት። አራተኛው፣ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ሰሌኑን አየ።

«ዴ ሙኑ?» አለ፤ ይሄ ማነው ማለቱ ነው።

በምትችለው አረብኛ አያቴ ናቸው አለችው። ታመው መሞታቸውን ነገረችው። ሰውዬው ቆቡን አወለቀ። ፀዳለ ያኔ አደጋው ያለፈ መሰላት። ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ሰው አየ።

«ይሄስ?»

«ቀባሪ ነኝ» አለ ኮንግ በአማርኛ፣ ቀና ሳይል።

«ሐበሻ ነው» አለች ፀዳለ ቶሎ ብላ። «ከኛ ጋር ነው። ኢትዮጵያዊ ነው።» ብርሃነመስቀልም አዎ፣ ሐበሻ ነው አለ።

«ወረቀት አለው?»

ፀዳለ ከረጢቱን አየች። የአያቷ የሥራ መታወቂያ፣ የአያቷ የቀበሌ መታወቂያ፣ የአያቷ የጡረታ ደብተር፣ የአያቷ ፎቶ። እጇ ውስጥ ያለው ወረቀት ሁሉ የአንድ ሰው ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ማንም ምንም ሊያደርጋቸው አይችልም። «ቤቱ ነው፣ ልፈልግለት» አለች። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ በጠመንጃው አፈ ሙዝ የኮንግን ቆብ ከኋላ ገፋው። ቆቡ ወደቀ፤ የግንባሩ መስመሮች ታዩ።

ኮንግ አካፋውን የጉድጓዱ ግድግዳ ላይ አስደገፈና በክንዱ ተደግፎ ወጣ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ፀዳለን አይቶ፣

«በራስጌው በኩል አልተስተካከለም» አላት። «ትንሽ ይቀረዋል።»

ስትከተላቸው አንደኛው ወጣት ጠመንጃውን አግድም ይዞ ግድግዳው ላይ አጣበቃት። ደረቷን ሳያሳምማት፣ ብቻ እንዳትንቀሳቀስ አድርጎ ያዛት፤ ሌሎቹ ኮንግን መሀል አድርገው በተሰበረው በር እስኪወጡ ድረስ። ከዚያ ለቀቃትና እሱም ሄደ። በር ላይ ስትደርስ መንገዱ ባዶ ነበር። ተኩሱ በየአቅጣጫው ነው፤ የትኛው ጥይት የማን እንደሆነ የሚለይ ጆሮ የለም።

ብርሃነመስቀል ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ በቆሰለ እጁ የራስጌውን ሲያስተካክል ቆየ። ሁለቱ ብቻቸውን አባባን አወረዷቸው። ከበዷቸው፤ ሰሌኑ በአንድ በኩል ቀድሞ ወረደና ፀዳለ እግራቸው ሲያርፍ ሰማች። ስልኩ ሲጠራ አነሳችው። ተሻለች ምን እንደተፈጠረ ስትጠይቃት ማንበብ ጀመረች።

«አቶ አለባቸው መልከጼዴቅ፣ ከአባታቸው ከመሪጌታ መልከጼዴቅ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ በዛብሽ፣ በሞጣ አውራጃ ኅዳር 12 ቀን 1931 ዓ.ም. ተወለዱ...»

ድንጋይ መሸከማቸውን አነበበች። ግሬደሩን አነበበች። ኩርባዎቹ ጋ ስትደርስ የጻፈችውን ትታ በቃሏ ተናገረች፤ የትኛው ቁልቁለት ላይ እንደሆነ፣ ዝናቡ ስንት ጊዜ እንደወሰደው። በጆሮዋ «ይቺም» እንዳሏት ተናገረች። ስትጨርስ፣ «እትዬ፣ ሰማሽኝ?» አለች። ስልኩ ዝም ብሏል። ኋላ እንደተነገራት፣ ጅማ ድንኳን ውስጥ የተሰበሰበው ሰው የሰማው እስከ ልደታቸው ድረስ ብቻ ነበር።

አፈሩን መለሱ።

የዚያን ዕለት ማታ ተኩስ አቁም ታወጀ። ማክሰኞ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት ሰው መንገድ ላይ መታየት ጀመረ። ለሐሙስ ኢትዮጵያውያንን የሚያወጣ አውሮፕላን አለ ተባለና ስሟ ተመዘገበ። ረቡዕ፣ ከመሄዷ በፊት ኮንግን እንዲፈልጉት ብርሃነመስቀልን ለመነችው። ወደ ጀበል፣ የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ይዟት ሄደ። ያመለጠ ኑዌር ሁሉ እዚያ ነው ተብሏል። የኮንግ ስልክ ከእሱ ጋር ሄዷል። ሚስቱና ልጆቹ ከሁለት ዓመት በፊት ጋምቤላ ሄደዋል፤ ሚስቱን ግቢው ውስጥ «የኮንግ ሚስት» ነበር የሚሏት።

በሽቦው አጥር ማዶ ሰው ጭቃ ላይ ተደራርቦ ተቀምጧል። ፀዳለ በአረብኛም በአማርኛም ጮክ ብላ ጠየቀች። አንዲት አሮጊት፣ እሳቸውም ኢታንግ የኖሩ፣ አማርኛውን ሰምተው ወደ አጥሩ ቀረቡ።

«ማንን ነው ልጄ?»

«ኮንግ የሚባል ሰው።»

«ኮንግ ብዙ ነው። ኮንግ ማን?»

ፀዳለ ወደ ብርሃነመስቀል ዞረች።

«የአባቱ ስም?»

«አላውቀውም እማማ።»

«የአያቱስ? እኛ ዘንድ ሰው የሚገኘው በአያቱ ነው።»

«ስድስት ዓመት ጎረቤቴ ነበር» አለች ፀዳለ። «ጀነሬተር ይጠግናል። ኢታንግ ነው ያደገው። የአያቴን መቃብር...» ብርሃነመስቀል አጠገቧ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል።

አሮጊቷ ጥቂት አዩዋት። ከዚያ ዞረው በሰዉ መሀል እየተራመዱ፣ ስሙን በረጅም ድምፅ እየተጣሩ ሄዱ። ፀዳለ ሽቦውን ጨብጣ ጠበቀች። ቆይቶ ከሰዉ መሀል ኮንግ የሚባሉ ሦስት ወንዶች ተነሥተው ወደ አጥሩ መጡ። አንዱ ሽማግሌ ነው። አንዱ ክንዱ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ የማታውቀው ሰው ነው። አንዱ ገና ጢም ያላወጣ ልጅ ነው። የፈለጋቸው ሰው ከወዴት እንደመጣ ለማወቅ፣ ሦስቱም በተስፋ ፊቷን ፊቷን ያዩ ነበር።